ማተብ ያሰረችው ድስት

ዛሬ ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው ተሻለ ክንፈ አድማሱ ይባላል፤ በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ የሚዛን ሠራተኛ ነው፤ ትምህርቱም እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የሰፈረው የወይዘሮ ያለምወርቅ ታሪክ እርሳቸው፣ ባላቸውና ጎረቤታቸው ለየብቻ ተጠይቀው የተጻፈ ነው። ሦስቱ ያልተስማሙበት ነገር አልገባም። ወይዘሮዋ ያን ጊዜ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበሩና ታሪኩ በዚያው ዕድሜያቸው ይነገራል፤ አንቱታው ለዛሬው ይቆይ።

ያለምወርቅ፣ ባሏ አገኘሁና በእምነት የምትባለው የስድስት ዓመት ልጃቸው በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን የተሻገሩት ኅዳር 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። አገኘሁ ጎንደር ከተማ አናጺ ነበር። ሰሊጥ ለማጨድ ወርደው በዚያው የቀሩትን ሐበሾች በወንጌል እንዲያገለግል ቤተ ክርስቲያኑ ስትልከው መጋዝና መሮውን ሸጦ፣ የተከራየውን ቤት አስረክቦ ተነሣ። በመሸኛው ጸሎት ዕለት በጉባኤው ፊት ቆሞ፣ በተሰጠን ቤት እንኖራለን፣ የቀረበልንን እንበላለን ብሎ ቃል ሲገባ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ዝም ማለቷ እንደ እሺታ ተቆጠረ።

በጭነት መኪና ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭነው ሄዱ። ሜዳው ማለቂያ አልነበረውም፤ ቀደም ብላ ያየችው ግራር ዞሮ ከፊቷ የመጣ መሰላት። እናቷ ልትሰናበታት አልመጣችም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያለምወርቅ የእናቷን ሃይማኖት ትታ ማተቧን በገዛ እጇ ከበጠሰች ወዲህ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። የተበጠሰውን ክር ግን አልጣለችውም፤ መርፌና ክር በምታስቀምጥበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይዛው ሄደች። መንገዱን ሙሉ ልቅሶ ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች። አልመጣም።

ቤቱን ያከራያቸው ሐጅ ሙሐመድኑር የተባለ የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው ነው፤ በገዳሪፍ ሱቅ ሳሙናና ስኳር ሲሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ክፍሎች ከእሱ መኖሪያ ጋር ተያይዘው፣ በመካከል ደረት የሚደርስ የጭቃ አጥር ብቻ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሚስቱ ራሒማ ዶሮ ታረባለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ አንድ ቀን ሆነው አለፉ። ጠዋት በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያዞረው ሰውዬ በሩን ሲመታ ያለምወርቅ ባልዲዋን ታቀርባለች፤ በዐረብኛ አንድ ነገር ይላታል፤ ራሷን ትነቀንቃለች። ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች። በአራተኛው ቀን በእምነት ከራሒማ ልጆች ተምራ ውሃውን «ሞያ» ብላ ጠየቀቻት። ቀድታ ሰጠቻት። ደስም አላላት፣ አልከፋትምም። እሑድ ማለዳ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ለብሳ ተነሣች። ውጭ የወፍጮውና የጋሪው ድምፅ እንደ ማንኛውም ቀን ነበር፤ በዚያ አገር የሥራ ማረፊያው ዓርብ ስለሆነ ምእመናኑም የሚሰበሰቡት ዓርብ ነው። አገኘሁ ወደ እርሻዎቹ ሄዷል። ነጠላዋን አጣጥፋ መልሳ አስቀመጠችው።

የሚያስቸግረው ነገር የጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ በመጀመሪያው ዓርብ ነው። ከጸሎቱ በኋላ በእነ አገኘሁ ግቢ ባለው ዳስ ሥር ትልቅ ትሪ ቀረበ፤ ኪስራ የሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራና ከገበያ በተገዛ ሥጋ የተሠራ ወጥ። በአገሯ ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ አብረው ይድራሉ። የሚለያዩት በሥጋ ነው። አንዱ ሌላውን ለሠርግ ሲጠራ የእንግዳው ሃይማኖት ሰው ቢላዋ ይዞ ያርድለታል፤ ወጡም በሌላ ድስት ይሠራለታል። በገዳሪፍ ገበያ የሚሰቀለው ሥጋ ሁሉ ደግሞ እስላም ያረደው ነው፤ ሌላ የለም። ሐበሾቹ የሰሊጥ ሠራተኞች ይህን ሲበሉ ኖረዋል፤ ለፋሲካ ወደ አገር ሲገቡም ስለዚህ ነገር አያወሩም። ያለምወርቅ ምግብ ሰውን እንደማያረክስ ተምራለች፤ ከተጠየቀች ጥቅሱን በቃሏ ትላለች። ዓርብ ቀን፣ ሥጋ፣ ያውም በሌላ ቢላዋ የታረደ፣ አፏ ሲገባ ግን አልወረደላትም። አፏን የምትጠርግ መስላ ወደ ነጠላዋ እጥፋት አወጣችው።

የሴቶቹ መሪ እናትነሽ የምትባል ሻይ ሻጭ ነበረች። ያን ዕለት ዕቃ ሲያጥቡ ከእነሱ በፊት ስለነበረው ወንጌላዊ ነገረቻት። ሚስቱ ከአገሯ ያመጣችውን ቋንጣ በዱቄት ከረጢት ውስጥ ደብቃ ለብቻዋ ትበላ ነበር። ሲታወቅ ሠራተኞቹ፣ እኛ ከረከስን ምን ልታደርጉ መጣችሁ አሉ፤ የምእመናኑ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ጎንደር ደብዳቤ ጻፉ፤ ቤተሰቡም በሁለተኛው ወር ተመለሰ። አሁንም አራት ዓርብ ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቆዩ ወይም ይመለሱ ብለው ይጽፋሉ። ከሦስቱ አንዱ ይህን የሚጽፈው ተሻለ ነው። የሰው ሰሐን የሚያይ ሽማግሌ ስለ ነበር፣ እናትነሽ በተለይ ከእሱ ተጠንቀቂ አለቻት።

ያለምወርቅ ለመቆየት አልጓጓችም፤ መመለሱንም አልናፈቀችም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ አገኘሁ በእሷ ምክንያት አንገቱን ደፍቶ በዚያው መኪና ሲመለስ ማየት አትችልም። መሣሪያ የለው፣ ቤት የለው፤ ይህን አገልግሎት ደግሞ ሰባት ዓመት የጸለየበት ነው። ስለዚህ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓርብ እየጎረሰች ወደ ነጠላዋ አወጣች። ሰው ሲበተን ቁራጮቹን ለአንዲት ግራጫ ድመት ትጥልላታለች። ልጇ የሥጋውን ቅባት ከጣቷ እየላሰች ትጫወታለች። ያለምወርቅ ታያትና ፊቷን ታብስላታለች።

ከሦስተኛው ዓርብ ማግስት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ራሒማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጠራቻት። በእጇ ሳህን ይዛለች፤ በሳህኑ ላይ አቧራ የለበሰ ሦስት ቁራጭ ሥጋ አለ።

«ይቺ ድመት እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ እመቤት ሆናለች» አለቻት። «በልታ ጠግባ የተረፋትን እኔ ደጅ ታስቀምጣለች።»

ያለምወርቅ ሥጋውን አየች።

«አይዞሽ፣ ለሐጂም አልተናገርኩ። ስንት ጁምዓ ሆነሽ?»

«ሦስት።»

«በሦስቱም?»

«አይወርድልኝም፣ እትዬ ራሒማ።»

ራሒማ አልሳቀችም፤ ቅርም አላላት። ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ስለ ልጅነቷ አወራቻት። አዲስ ዓለም ሳሉ እናቷ ለክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ስትሄድ ድስቷን ይዛ ትሄድ ነበር። ራሒማ እራሷ አንድ ጊዜ በመስቀል በዓል የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አታልላት የክርስቲያን ሥጋ አንድ ጉርሻ አጉርሳት ነበር፤ ከአጥር ኋላ ሄዳ አስመልሷታል። «አሁንስ ያንቺን ብትሰጪኝ ይወርድልኛል መሰለሽ?» አለች። «በይ አትስጪኝ። አልሰጥሽም። ጎረቤት ነን።»

ከዚያ ወደ ዶሮዎቿ ሄደች። አንዲት ቀይ ዶሮ ክንፏን ይዛ፣ በሌላ እጇ ትንሽ የአሉሚኒየም ድስት አንጠልጥላ ተመለሰች። ዶሮዋን ባልሽ ይረዳት አለች። ድስቱን ለእንግዳ ብላ ያኖረችው ነው፤ የእሷ ቤት ሥጋ አልነካውም። ከልጆቿ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ያለምወርቅ ምልክት ታድርግበት አለች።

ያለምወርቅ እጇን አልዘረጋችም። ሽማግሌዎቹ ዶሮዋን ካዩ እንደ ፊተኛዋ ነው የሚሉኝ አለች።

«ፊተኛዋን ያስወጣት ቋንጣው መሰለሽ?» አለች ራሒማ። «እዚሁ አጥር ሥር ነበርኩኮ። ሲጠይቋት በፊታቸው፣ ጎርሻለሁ እያለች ነው ያታለለቻቸው። ያንቺ ከእሷ የሚለየው በድመቷ ብቻ ነው።»

ያለምወርቅ ዶሮዋን ተቀበለች፤ ከዳሱ ምሰሶ ጋር በገመድ አሰረቻት። በምሳ ሰዓት ለአገኘሁ ሁሉንም ነገረችው። አገኘሁ እጁን ከሰሐኑ አነሣ። ቃል ገብቻለሁ አላት። ድምፅዋን ሳትጨምር «አንተ ነህ የገባኸው» አለችው። ከዚህ የበለጠ አልተነጋገሩም። ዶሮዋንም አላረዳትም። ሳምንቱን ሙሉ ከምሰሶው እንደ ታሰረች ዋለች፤ ማክሰኞ እንቁላል ጣለች፤ በእምነት በላችው።

በአራተኛው ዓርብ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከወንጌላዊው ቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ ተቀመጡ። ሽማግሌ ተሻለ ዶሮዋን አይቷል፤ የማን እንደሆነች ግን አልጠየቀም። ሥጋ በኪስራ ጠቅልሎ እጁን ወደ ያለምወርቅ ዘረጋ። ከሽማግሌ እጅ ጉርሻ እንደማይመለስ በትሪው ዙሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። አገኘሁ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ጋሼ ተሻለ፣ አልጎርስም» አለች። «አይወርድልኝም። እስከ ዛሬም አልዋጥኩም፤ ለድመት ነው የሰጠሁት።»

በዳሱ ሥር የነበረው ሰው ማኘኩን አቆመ። የሽማግሌው እጅ እንደ ተዘረጋ ነበር።

«ርኩስ ነው ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ልጄ በልታዋለች፤ አልከለከልኳትም። እኔ አይወርድልኝም ነው ያልኩት።»

«ነገ ቢወርድልሽስ?»

«እነግርዎታለሁ።»

እናትነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ እሷም እዚህ አገር በመጣችበት ዓመት እስከ ሰሊጡ ማብቂያ በፉል ብቻ እንደ ኖረች ተናገረች። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ተናግራው አታውቅም። ተሻለ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው፤ አኘከ፤ ዋጠ። ከዚያም ዶሮዋ የማን ናት ብሎ ጠየቀ። ያለምወርቅ ራሒማ ናት የሰጠችኝ አለች። አላመናትም፤ ግን ለጊዜው ተወው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ተቀመጡ። አንደኛው ይመለሱ አለ፣ ሁለቱ ይቆዩ አሉ። ጽሕፈቱ የሚነበብለት ተሻለ ስለ ነበር ደብዳቤውን እሱ ጻፈው። የደብዳቤው ቃል ይህ ነው፦ «የወንጌላዊው ሚስት እዚህ የታረደ ሥጋ አትበላም። በፊታችን ጠይቀናት አልካደችም። ፊተኛይቱ ክዳ ነበር። ስለዚህ ይቆዩ።»

አገኘሁ ዶሮዋን በማግስቱ አረዳት። ያለምወርቅ በራሒማ ድስት ሠርታት በላች። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ መጀመሪያ የዋጠችው ሥጋ ነው። ሌላ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ጣዕሙ የዶሮ ጣዕም ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ድስቱን በአመድ ፈትጋ አጠበች። ከዚያ የቆርቆሮ ጣሳዋን ከፍታ፣ እናቷ በሕፃንነቷ ያሰረችላትን ያንን ጥቁር ማተብ አወጣችና በድስቱ ጆሮ ላይ ቋጠረችው። ለምን ያንን ክር እንደ መረጠች ስትጠየቅ፣ በእጄ የነበረው እሱ ነው ብላለች። ድስቱን በአጥሩ ላይ ለራሒማ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ በራሒማ ቤት ድግስ ሲኖር አገኘሁ ዶሮ ያርዳል፤ በዚያች ድስት ለያለምወርቅ ለብቻዋ ይሠራላታል። ሰባት ዓመት ሆነ። ቤተሰቡም እዚያው ቤት አለ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ነገ ቢወርድልኝ እነግርዎታለሁ ያሉትን እስከ ዛሬ አልነገሩም።

ጸሐፊው የድስቷን ነገር አላመነም ነበር። የክርስቲያን ማተብ በእስላም ማድ ቤት ሰባት ዓመት ይሰቀላል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ከትናንት በስቲያ ሐጅ ሙሐመድኑርን አስፈቅዶ ገባ። ድስቷ ከማድ ቤቱ በር በስተ ቀኝ፣ በሦስተኛው ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ክሩ ጥቁረቱ ለቆ ቡናማ ሆኗል። ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል።