የሽብሩ መዳፍ

ሽብሩን የማያውቅ የዲላ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ግን የሚያውቀው «አሳላፊው» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ጠጅ ቤት የሚያሳልፍ እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ ለምታርፍ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ነበር። በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። የቤንዚኑን በርሜሎች ከአዲስ አበባ የሚያመጣው የአባቴ የነጅሙዲን የጭነት መኪና ነበር፤ ነጂው ደግሞ እኔ ነዚፍ። ስለዚህ የምነግራችሁ ያየሁትን እንጂ ሰው ያወራውን አይደለም።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት አብራሪው ካፒቴን ከፈለኝ ነው። ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? ሽብሩም እንደዚያ ነበር። ከክንፉ ሥር ካለችው ማፍሰሻ ቤንዚን በብርጭቆ ይቀዳና ወደ ብርሃን ያነሣዋል። ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል፣ መስመሩም ይታያል። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። ሽብሩ ግን መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጋል። ቤንዚን ከሆነ እጅን አቀዝቅዞ ወዲያው ይጠፋል፤ ውሃ ከሆነ ይቀራል። «ብርጭቆው ሙሉ ውሃ ከሆነ መስመር ከየት ይመጣል?» ይለኝ ነበር። ካፒቴኑም ሞተሩን ሳያስነሣ «አሳላፊዬ፣ ቀመስክ?» ይለዋል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩት የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ወልደዮሐንስ ናቸው። ያስቀጠሩት እሳቸው፣ አልጣሽን ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለትም እሳቸው። አባቱ ነበሩ ማለት ይቻላል። ታዲያ የሽማግሌው ዓይን እየደከመ ነበር። ረዳቴን «ነዚፍ፣ እንደምን ዋልክ» ብለው እጁን ሲጨብጡት እኔ አጠገባቸው ቆሜ እስቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አልነገርናቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ድራሹ ይጥፋ!

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። በርሜሎቹ ደጅ ቆመው፣ እኛ አገር ሁሉ ነገር እንደሚሸፈነው በእንሰት ቅጠል ተሸፍነዋል። ቅጠሉ ሲጎደጉድ ውሃ ያቁራል፤ ክዳኑ ከላላ በርሜሉ ይጠጣዋል። አንድ ጠዋት ሽብሩ ሲደርስ አቶ ወልደዮሐንስ ቀድመውት አውሮፕላኑን ሞልተው ጨርሰዋል። ካፒቴኑ ከቡሌ ወዲያ ላለ ደጋ መድኃኒት ይዞ ጉሙ ሳይዘጋው ለመድረስ ይጣደፋል።

«አጣርቼ ሞልቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

ሽብሩ በብርጭቆው ቀዳ። መስመር የለም። ሽማግሌው ከጎኑ ቆመዋል። እሳቸው አጣርቻለሁ ካሉ በኋላ፣ ፊታቸው መዳፍ ላይ ጠብ ማድረግ «አላምንዎትም» ማለት ነው። ብርጭቆውን ሣሩ ላይ ደፋው።

«አሳላፊዬ፣ ቀመስክ?»

«ተቀምሷል፣ ካፒቴን።»

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከእንሰቱ በላይ ወደ ቡሌ አቅጣጫ ዞረ። ከዚያ ጉሮሮው እንደተያዘ ሰው ሳለ፣ ሳለና ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። ካፒቴን ከፈለኝን ከእንሰቱ መሐል ስናወጣው ነፍሱ የለችም። መርማሪዎች መጡ፤ ጉሙ ነው ብለው ሄዱ።

አውሮፕላኑ በወደቀበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሽብሩ መዳፉን ዘርግቶ ወደ መኪናዬ መጣ። መዳፉ ላይ የተኛ ነገር አለ።

«ጠዋት ከተቀዳበት በርሜል ነው» አለኝ። «አልደረቀም።»

ቢናገር ሽማግሌው ይታሰራሉ። የሆዱን በሆዱ ያዘ፤ እኔም አብሬው ያዝኩ።

ከዚያ ወዲያ የሽብሩ መዳፍ አልደርቅ አለ። ቀኑን ሙሉ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። ቆዳው ተሰነጣጥቆም «እርጥብ ነው» ይላል። ለልጁ ወተት ሲሰጥ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ እስኪደርቅ ቆሞ እንደሚጠብቅ አልጣሽ እያለቀሰች ነግራኛለች። አብሮኝ ይርጋጨፌ ሲሄድ፣ መኪናዬ ዳገት ላይ ከሳለች ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። ብርጭቆ ባነሣ ቁጥር ካፒቴኑ ከኋላው «ቀመስክ?» እንደሚለው በጠራራ ፀሐይ አጫውቶኛል። እብደት ነው ልለው ነበር፤ ግን እኔም አንዴ ሜዳው ላይ በርሜል ሳወርድ ያንኑ ድምፅ ሰምቻለሁ። አላህ ያውቃል።

ሥራውን አልተወም። ሌላ አውሮፕላን፣ ሌላ አብራሪ መጣ። አቶ ወልደዮሐንስ ግን አውሮፕላን በሚነሣበት ሰዓት ሜዳው ላይ መታየት አቆሙ። ከሽብሩ ጋር ሲገናኙ ስለ ቤተሰብ ይጠያየቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስለ ቤንዚን አንድ ቃል አይነሣም።

በኋላ ሽማግሌው ታመሙ። ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ፣ ሆዳቸው አብጦ፣ ወደ ሆስፒታል እንዲበሩ በቃሬዛ ሜዳው ላይ አመጣናቸውና ከክንፉ ሥር አስቀመጥናቸው። ሽብሩ በብርጭቆው ቀዳ። ኮሽታ ሳያሰማ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፤ ደረቀ።

ሽማግሌው ከጋቢው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ዘረጉ።

«ለእኔም ጠብ አድርግልኝ።»

አደረገላቸው። ሁላችንም ያን የከሳ መዳፍ እያየን ጠበቅን።

«ደረቀ» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ያን ቀንም ብታደርገው ኖሮ አልቀየምህም ነበር፣ ልጄ» አሉት።

«አባባ...» አለ ሽብሩ። ቃሬዛውን አነሣን፣ በሩ ተዘጋ።

አውሮፕላኑ ተነሣ። ድምፁ አንዴም ሳይቋረጥ ርቆ ጠፋ። ሽብሩ መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ደርቋል እኮ፣ ሽብሩ» አልኩት።

«ለእሳቸው ነው የደረቀላቸው» አለኝ።