በሚያዝያ ያልተቆፈረው መቃብር

በደቡብ አፍሪካዋ ሰዘርላንድ ከተማ የበጋው ፀሐይ አፈሩን እንደ ሸክላ ያደርቀዋል፤ ብርዱ የሚበረታበት የሐምሌ ውርጭ ደግሞ ድንጋይ ያደርገዋል። መሬቱ ለዶማ የሚመቸው በሚያዝያ ዝናብ ብቻ ስለሆነ፣ መቃብር ቆፋሪው አፖሊስ በብርዱ ወራት ለሚሞቱት ያን ጊዜ አስቀድሞ ይቆፍር ነበር።

አንድ ዓመት ግን ሚስቱ ድሪና ሳል ሲጠናባት ዶማውን ሳያነሣ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝናቡ ሊያመልጥህ እኮ ነው!» አለችው።

«ለማን ብዬ ልቆፍር? ዘንድሮ የሚሞት የለም።»

«ሞትን በስንፍናህ ልታስቀረው ነው?» ብላ እየሳለች ሳቀችበት።

ሐምሌ ላይ ሞተች። አፖሊስ በረዶ በያዘው መሬት ላይ እሳት እያነደደ፣ የላላውን ስስ አፈር እየጠረገ፣ እንደገና እያነደደ ዋለ። እስኪመሽ ጉድጓዱ ከጉልበቱ አላለፈም። ድሪና ተገንዛ ቤቷ ውስጥ ጠበቀችው።

በተከታዩ ሚያዝያ ዝናቡ ሳያባራ ዶማውን ይዞ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከመቃብሯ ጎን ለራሱ ቆፈረ።