የቅዳሜ መከላከያ

የእህቴ ባል ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። በደርግ ጊዜ ቀጨኔ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ እሱና ጓደኞቹ ወደ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንድ አንድ ፍሬ ቴትራሳይክሊን በቢራ ይውጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አይነካንም ባዮች ናቸው። «መከላከያ» ይሉታል፣ አፈር ያስበላቸው!

እህቴ ወሯ ገብቶ ጎንበስ ማለት ስላቃታት የእሷንና የባሏን ልብስ የማጥበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የውስጥ ሱሪው ላይ መግል አየሁ። እትፍ! ጨብጥ ነው። ጠርቼ ሳፋጥጠው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው እኮ፣ እትዬ» አለኝ።

«ድንጋዩ ቀሚስ ለብሶ ነበር?»

«በቃ፣ ተወግቼ ድኛለሁ።»

«እሷም ትታከም እንጂ!»

«እሷን ምን አገባት? የታመምኩት እኔ!»

ለእህቴ ነገርኳት። እሷ ግን ድንጋዩን አመነች።

ወንድ ልጅ ወለደች። ሳምንት ሳይሞላው ዓይኖቹ አብጠው በመግል ተጣበቁ። ጎረቤቶች «ብርድ ነው፣ የጡት ወተት ጠብ አድርጉበት» አሉ። እኔ ግን ልጁን ታቅፌ፣ አባቱን ከፊቴ እየነዳሁ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ገና እንዳየችው ወደ አባቱ ዞረች።

«ጨብጥ ይዞህ ነበር? ቶሎ ተናገር፣ ልጅህ ሊታወር ነው።»

«እኔ? ኧረ ጤነኛ ነኝ!»

የልጁ ዓይን እየጠፋ እሱ ስሙን ይጠብቃል! ደሜ ፈላ።

«አንተ ወራዳ! ትናገራለህ ወይስ የውስጥ ሱሪህን እዚህ ላምጣው?» ብዬ ጮህኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። ያኔ አንገቱን ደፍቶ «ድንጋይ ላይ...» ብሎ ጀመረ። ነርሷ አልሳቀችም። ልጁን አከመች፣ ባልና ሚስቱም አብረው እንዲታከሙ አዘዘች። የቅዳሜውን ክኒን ስነግራት ደግሞ፣ አስቀድሞ መዋጥ ከበሽታ እንደማያድን፣ ደጅ ደጁን ማለት ካልተወ ኮንዶም እንዲይዝ ነገረችው። «እሺ፣ እሺ» አለ።

የልጁ ቀኝ ዓይን ተረፈ። ግራው ነጭ ለብሶ ቀረ።

ክርስትናው ቅዳሜ ዋለ። አመሻሹ ላይ ልጁን ታቅፌ ደጅ ስወጣ አባቱንና ጓደኞቹን አጥሩ ሥር አገኘኋቸው። መዳፉን ከፍቶ ክኒን ያድላቸዋል። የራሱን አፉ ውስጥ ጣለና የገዛ ልጁን የክርስትና ጠላ አስከተለበት። ልጁ በቀረችው ዓይኑ ያየዋል።

«ምነው እትዬ?» አለኝ። «ለጤና እኮ ነው።»