የሰኞ ምስሎች

ሰውየውን «ጋሽ ሬዲዮ» ነበር የምንለው፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። አፉ አያርፍማ! ጠዋት ነጭ ጋውኑን ሲቆልፍ የጀመረውን ወሬ ማታ ቁልፍ ለጥበቃው ሲያስረክብም አይጨርሰውም። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስምንት ዓመት በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ መስታወት ፊት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ከመስታወቱ ወዲያ ማሽኑ አለ፤ ሰው በጀርባው ተኝቶ እስከ ትከሻው የሚገባበት፣ ሲሠራ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው የሚያንኳኳ ትልቅ ማግኔት።

ሥራችን በሽታ መፈለግ አልነበረም። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ማመካኛችን ሁሉ እሷ ሆናለችና። ክፍሉ የምርምር ክፍል ነው። ጤነኛ ሰዎች በፈቃዳቸው ይመጣሉ፣ ይተኛሉ፣ ፊደል እናሳያቸዋለን፤ እነሱም በዚያ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ድምፅ ሳያሰሙ በልባቸው ይደረድራሉ። የሚሠራው የአንጎል ክፍል ብዙ ደም ይስባል፣ ማሽኑ ያንን ለይቶ ያሳያል። እንዲህ እያልን ንግግር በሰው ጭንቅላት ውስጥ የት የት እንደሚኖር ካርታ እንሠራለን።

«ማሽኑ ሐሳቤን ያነብብኛል እንዴ?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። የጋሽ ሬዲዮ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሐሳብ የሚያነብ ቢሆንማ እኔ ባለቤቴን በዚህ በር አሳልፋት ነበር?» ሰው እየሳቀ ይገባል። ውስጥ ገብቶ የሚደነግጠውንም በማይክሮፎን እያጫወተ ያረጋጋዋል።

ማሽኑ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ይፈተሻል። ለዚሁ ተብላ የተሠራች ውሃ የተሞላች የፕላስቲክ ኳስ ነበረችን። ጋሽ ሬዲዮ ግን ኳሷን ይንቃታል። «ይቺ ደግሞ ምን ታስባለች?» ይልና ሰዓቱንና ቀበቶውን ፈትቶ ራሱ ይተኛል። እኔ ምስሉን አያለሁ። ጠርቷል? መስመር ገብቶበታል? ደብዝዟል? ደህና ከሆነ «ሰኞ» ብዬ፣ ቀኑን ጽፌ አስቀምጠዋለሁ። የበጎ ፈቃደኞቹ ምስል ምናልባት ክፉ ነገር ቢኖርበት ተብሎ ለሐኪም ይላካል፤ ደንብ ነው። የሰኞው ግን ለማንም አይላክም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ለማስተማሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ምስል ፈልጋ መጣች። የዚያን ሳምንት ሰኞ ከፈትኩላት።

«ይሄ ታካሚ ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ታካሚ አይደለም፣ የኛው ሰው ነው። ማሽን ስንፈትሽ ያነሳነው ነው።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። በአንጎሉ ግራ በኩል እንቁላል የሚያህል ነጭ ነገር አለ፤ ዕጢ። እኔ «ጥራቱ ደህና ነው» ብዬ የፈረምኩበት ምስል ነው። ጥራቱማ እውነትም ደህና ነበር።

ከዚያ አለቃችን ስብሰባ ጠራና አዲስ ደንብ አወጣ፤ የሰኞ ምስልም ለሐኪም ይላክ ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቀዶ ሐኪሙ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ የጋሽ ሬዲዮ ንግግር ከዕጢው ምን ያህል ይርቃል? ከራቀ ዕጢው ይወጣል፣ ሰውየውም እንደ ልቡ ያወራል። ከተጣበቀ ወይ ዕጢው ይቀርና ይገድለዋል፣ ወይ ንግግሩ አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚመልሰው ደግሞ የኛው ማሽን ነው። እሱ ተኛ፣ እኔ ፊደሎቹን አሳየሁት። ስክሪኑ ላይ ንግግሩን የሚያሳየው ቀይ ቀለም ብቅ ብቅ አለና ዕጢውን ዙሪያውን ከበበው። መሐላቸው ክር የምታልፍበት ቦታ የለም።

«እህስ?» አለኝ ከውስጥ። «ራቅ ብሏል?»

«ሐኪሙ ይነግርሃል፣ ጋሼ።»

ምስል ያላማረ ዕለት እንዲህ እንድል ያስተማረኝ ራሱ ነው። ሲወጣ ቀበቶውን ለማሰር ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «የድሮዎቹን ገልብጠሽ እይልኝ እስቲ። መቼ ነው የጀመረው?» አለኝ።

ገለበጥኩ። ከአራት ዓመት በፊት ምስር የምታህል ነጥብ ነበረች። ከዚያ ለውዝ፣ ከዚያ ባቄላ። በየሰኞው እኔ ፈርሜባታለሁ። ቀዶ ሐኪሙን የማንንም ስም ሳልጠራ፣ «ምስር ስታህል ብትገኝስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እሷንማ ንግግሩን ሳልነካ ለቅሜ አወጣት ነበር» አለኝ።

በማግስቱ ለጋሽ ሬዲዮ፣ «ባለፉት ጥቂት ወራት የመጣ ነው፣ ጋሼ፤ ድንገተኛ ነው» አልኩት። ዓይኑን እያየሁ።

«እንግዲያ ማንም ጥፋት የለበትም» አለ። «አንቺም እንዳትብሰለሰዪ።»

የቀዶ ሕክምናው ውሳኔ ላይ ሚስቱ አልቅሳ፣ «እኔ ለወሬህ ብዬ አይደለም ያገባሁህ። ዝም ብለህም ቢሆን ኑርልኝ» አለችው። እሱም፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም በል ስትዪኝ ኖረሽ፣ ይኸው ጸሎትሽ ሰመረ» ብሎ ቀለደና ፈረመ። እኔም እዚያው ቆሜ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ዕጢው ወጣ። ሰውየው ተረፈ፣ ንግግሩ አልተረፈም። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉ ይገባዋል፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። መጻፉም አብሮ ሄዷል፤ ቃሉ ከሌለ ምን ይጻፋል?

በሦስተኛው ወር ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ጓዳ ነበረች። መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ጎኑ ተቀመጥኩና ነገርኩት። «ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ ነበር። እኔ እያየሁ አለፍኩት። ያኔ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ታወራ ነበር።»

ደፈርኩ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ውሸቴን ነው። የተናገርኩት እሱ መናገር ስለማይችል ነው።

አፉ ተከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ «እ... እ...» ከማለት በቀር ምንም አልወጣውም። የወንበሩን ክንድ በግራ እጁ ይደበድብ ጀመር። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ መጣች።

«ምነው? ምን ሆነ?»

እንባው እየወረደ፣ በጣቱ እኔን አሳያት። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ምን ማለቱ ነው? ምን ፈልጎ ነው፣ እህቴ?»

«ውሃ ፈልጎ መሰለኝ» አልኳት።

እሷም ሮጣ ሄዳ ውሃ አመጣችለት።