ጉናን ያፈነዳሁበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት ጉናን አፈነዳሁት። ተራራውስ ደህና ነው፤ ገብሱም በጎቹም እንዳሉ ናቸው። የፈነዳው በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ጉና ነው።

ይኸኛው ጉና የቀድሞ ተማሪዬ የምርምር ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ የቁልቁለቱ አፈር እንዴት እንደሚንሸራተት ለማሳየት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአፈር ቅንጣቶችን በፕሮግራም ሠርታለች። እያንዳንዷ ቅንጣት ክብደቷንና ቦታዋን የምታውቅ፣ የራሷን ሥራ የምትሠራ፣ የፕሮግራም ሰዎች «ኦብጀክት» የሚሏት አካል ናት። ልጅቱ ከሰዓት በኋላ ፈታኞች ፊት ትቀርባለች፤ ትልቁ ኮምፒውተር የተፈቀደላት ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። እኔ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ታዲያ አርፌ መቀመጥ አቅቶኝ «እስቲ ትንሽ ላሳምርልሽ» ብዬ ገባሁበት። ሁለት ቅንጣቶች ሲነካኩ አንዷ ግፊቱን አስልታ ለራሷም ለጎረቤቷም እንድታደርስ አደረግሁ። ጎረቤቷም እንደዚያው። አንዱ ግፊት ሁለት ጊዜ ተቆጠረና ተራራው ብትንትኑ ወጣ።

«የኔታ፣ ጉናን የት አደረሱት?» አለችኝ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ።

«ዐረገ፣ ልጄ።»

አልሳቀችም። የጻፍሁትን ከላይ እስከ ታች አንብባ ቀና አለች።

«አንቱ በሽምግልና የማሳ ድንበር ሲያስማሙ የመለኪያውን ገመድ ለባለማሳዎቹ ይሰጣሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሊጎትተው?»

«ታዲያ ለአፈሩ ለምን ሰጡት?»

ስንት ዓመት ገመድ ይዤ ድንበር ስለካ የኖርሁ ሽማግሌ ነኝ። በእኛ አገር ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ የሚለካው ሦስተኛ ሰው ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ፤ ፍርዱንም ለሁለቱም ይነግራል። እሷም ይህንኑ አደረገች፦ በሚነካኩት ቅንጣቶች መካከል ግፊቱን ብቻ የሚያሰላ ሌላ ኦብጀክት እንደ መሐል ዳኛ አቆመች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጉና ቦታው ላይ ቆሞ አፈሩ ብቻ ቀስ እያለ ወረደ። «ተመስገን!» አልሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ፈታኝ፣ «ይህ የመሐል ዳኛ የማን ሐሳብ ነው?» አላት።

«የመምህሬ» አለች፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ሐፍረት ያልፈጠረብኝ ሽማግሌ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

አለፈች። በር ላይ ይዣት፣ «ምነው ልጄ፣ የራስሽን ሐሳብ ለኔ?» አልኋት።

«የአባቴን ድንበር ሲለኩ ቆሜ አይቻለሁ እኮ፣ የኔታ» ብላ እጄን ሳመችኝ።

መርቄ መርቄ ሸኘኋት። ምርቃት ግን ዕዳ አይከፍልም፤ ለዚያ ፈታኝ እውነቱን ገና አልነገርሁትም።