ሳንባዬና ወደ ቋጥኙ የሚያዞረው መንገድ

ሕመሙ የጀመረኝ በላብ ነው። የጎንደር ብርድ አጥንት ሲሰብር እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ እነቃለሁ። ቀጥሎ ሳል መጣ። ፒያሳ፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ሕንፃ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለባላገር ማመልከቻ እጽፍ ነበርና የወረቀቱ አቧራ ነው አልሁ። ግጥም ስሞነጫጭር ስለማመሽም የእንቅልፍ እጦት ነው አልሁ።

አንድ ቀን የአንድ ገበሬ አቤቱታ እየጻፍሁ ሳልሁ። ደም ወጣ። ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ገበሬው ብድግ አለ። እኔም ብዕሩን አስቀመጥሁ።

ሆስፒታል ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና፣ "ቲቢ ነው። ግራ ሳንባህ ተጎድቷል። ትተኛለህ" አለኝ።

ተኛሁ። ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ተወጋሁ። ጆሮዬ ጮኸ። መነሳት ክልክል ነበር። ለእኔ ከመርፌው የከፋው ይህ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጣራውን እያየሁ ስንኝ እጀምራለሁ፣ ሳልጨርስ እተወዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ሳሉ ቀነሰ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን የሚነሳ አጭር መንገድ አለ፤ በወይራና በጽድ መካከል እየተጠማዘዘ ቋጥኙ ድረስ ይወጣና ቀጋና አጋም በበዛበት በሌላው ጎን ዞሮ ይመለሳል። ሐኪሙ ያን መንገድ ፈቀደልኝ።

"ቀስ ብለህ ሂድ። ትንፋሽ ካጠረህ ከዚያው ተመለስ። ደህና ዞረህ ከመጣህ ወደ ቤትህ እልክሃለሁ። ደም ከታየ ግን እንደገና ብዙ ወር አልጋ ላይ ነህ።"

ቀስ ብዬ አልሄድሁም። ቤቴን እያሰብሁ ሽቅቡን በጥድፊያ ወጣሁት። ቋጥኙ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ጭድ የጫነች አህያ እየነዱ ቁልቁል መጡ።

"እንዴት ዋልህ ልጄ? እንደምን ሰንብተሃል?"

አፌን ከፈትሁ። ትንፋሼ አጥሮ ድምፅ አልወጣም።

"ምነው፣ ከተሜ ሰላምታ ዘጋ? ወይስ አህያዬ ትመልስልህ?"

"እግዚአብሔር..." አልሁ። ቀሪው ተቆረጠብኝ።

ቀልዱን ተዉት። "ተቀመጥ" አሉኝ።

"አያ፣ ሳንባዬን ታምሜ ነው። አይጠጉኝ።"

"መች በአንድ ዋንጫ ጠጣን? ተቀመጥ ብያለሁ።"

ከታመምሁ ወዲህ የከተማው ሰው በሩቁ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ መንገድ ያቋርጥብኝ ነበር። እሳቸው ግን ፈንጠር ብለው ተቀመጡና በአገሩ ደንብ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እናትህ ደህና፣ ጎረቤት ደህና፣ ከብትህ ደህና።

"ከብት የለኝም፣ አያ።"

"ይስጥህ። ዶሮህስ?"

መልሱ እስኪወጣኝ ይጠብቃሉ። ቋጥኙ ገና ከላይ ነበር፤ ቀና ብዬ አየሁት።

"እዚህ ደርሼ ልመለስ?" አልሁ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነው። የት ይሄድብሃል?"

አብሬያቸው ወረድሁ። ማታ ሳልሁ። አክታዬን ጣሳ ውስጥ ተፋሁ። አየሁ። ነጭ ነው።

"መመለስህ በጀህ" አለ ሐኪሙ። "ነገ ደግመህ ሞክር።"

ከዚያ ወዲህ እንጨት ለቃሚም ይሁን ቄስ ያገኘሁትን ሁሉ ቀድሜ ሰላም እያልሁ፣ ሰላምታው መሐል ትንፋሼ ሲቆረጥ እየተቀመጥሁ፣ ሲመለስልኝ እየተነሳሁ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ስል ሰነበትሁና አንድ ጧት ቋጥኙ ላይ ወጣሁ፤ በአዘዞ መንገድ የጭነት ማኪና አቧራ ሲያስነሳ፣ ከሩቅም ጣና ቀጭን ግራጫ መስመር ሆኖ ሲታይ አየሁና በአጋሙ በኩል ዞሬ ወረድሁ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ። ወደ ቤቴ ላከኝ።

ሐኪሙን እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አያ ታከለንም ዕድሜ ይስጥልኝ። መርፌ የጀመራችሁ፣ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ያልታመማችሁ ደግሞ፣ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው መንገድ ላይ ስታገኙ ራቅ ብላችሁም ቢሆን ቁሙና ጠይቁት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ጠብቁት።