በር ላይ የሚቀመጡት አያቴ

አያቴ ከተለዩን ዓመት ሞላ። በሱዳኗ ገዳሪፍ ብዙ ሰው በደግነታቸው ያነሳቸዋል፤ እኔ የማስታውሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ ከዓስር ሶላት እስከ ጀምበር መጥለቂያው መግሪብ ክፍሌ በር ላይ ሲቀመጡ ነው። ሸሃዳ ለሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ብቻዬን የማጠናው በዚያ ሰዓት ነበር። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ማንም እንዲያስነሳኝ ግን አይፈቅዱም።

አንድ ቀን አክስቴ ውሃ ቅጂ ልትለኝ ባልዲ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ትምህርት ቤት ውላ የለም እንዴ? ይህ ሁሉ ጥናት ምን ያደርግላታል?»

«አስተማሪው የነገራት የአስተማሪው ነው። የሷ የሚሆነው ብቻዋን ተቀምጣ ያነበበችው ነው» አሉና ባልዲውን ተቀብለው ራሳቸው ወጡ።

ጦርነቱ መጥቶ ትምህርት ቤታችን በተፈናቃይ ሲሞላ ፈተናው ተራዘመ፤ እንደገናም ተራዘመ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ከበሩ አልቀሩም። ክረምት ላይ ወባ ያዛቸው፤ በሳምንቱ ቀበርናቸው።

የፈተናው ቀን የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ጎረቤት ይገባል፣ ሕፃናት ይገባሉ፣ አክስቴ ትጠራኛለች፤ እነሳለሁ። «ጥናት ላይ ናት» ብሎ የሚመልስልኝ የለም። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ይመሻል።

ፈተናውን ወደቅሁ። አክስቴ «አይዞሽ ልጄ፣ ለከርሞ ትፈተኛለሽ» አለችኝ። ለከርሞ ፈተና ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ነገ ከሰሊጥ አራሚዎች ጋር በሎሪ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ለሥራ እሄዳለሁ። መጻሕፍቴን አልያዝኩም።